ባቱሚ ላይ ሰዓቱ ሲያልቅ፦ የዲቪያ ዴሽሙክ ፍጻሜ

ሐምሌ 21 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 28፣ 2025)፣ ጆርጂያ፣ ባቱሚ። በሴቶች የቼዝ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ሕንዳውያን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዷ የ38 ዓመቷ ሃምፒ ኮኔሩ ናት፤ በ15 ዓመቷ ግራንድ ማስተር (የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) የሆነች፣ የዓለም ራፒድ (ፈጣን ጨዋታ) ሻምፒዮናን በ2019 እና በ2024 (እ.ኤ.አ.) ያሸነፈች። ሌላዋ የናግፑር ልጅ ዲቪያ ዴሽሙክ፣ 19 ዓመቷ፣ በሬቲንግ (የተጫዋቾችን ጥንካሬ በሚለካው ነጥብ) ከተሳታፊዎቹ 15ኛ ሆና ውድድሩን የጀመረች። ሁለቱ መደበኛ ጨዋታዎች በአቻ ስላለቁ ጉዳዩ ወደ መለያ ራፒድ ተሻገረ። ራፒድ ማለት ደግሞ ሃምፒ በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችበት ጨዋታ ነው። ግምቱ ወደ እሷ ቢያጋድል አይገርምም።

የሆነውን ለመረዳት ከሰዓቱ መጀመር ይሻላል። በመደበኛው ጨዋታ እያንዳንዷ ተጫዋች ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ 30 ደቂቃ አላት፤ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ አንስቶም በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ይጨመርላታል። በመለያው ይህ ሁሉ ወደ 15 ደቂቃና 10 ሰከንድ ጭማሪ ይወርዳል። ሁለት ጨዋታ ተደርጎ ካልተለየ 10 ደቂቃና 10 ሰከንድ፣ ከዚያ 5 ደቂቃና 3 ሰከንድ፣ በመጨረሻም አሸናፊ እስኪገኝ 3 ደቂቃና 2 ሰከንድ። አሁን ስሌቱን እንሥራ። 60 እንቅስቃሴ በሚፈጅ ራፒድ ያለው ጊዜ 900 ሰከንድ ሲደመር 600፣ በጠቅላላው 25 ደቂቃ ነው። ለአንድ እንቅስቃሴ 25 ሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው። በመሀሉ አንድ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ያሰበ ሰው የቀሩትን 59 እንቅስቃሴዎች እያንዳንዳቸውን በ20 ሰከንድ አካባቢ ሊጫወት ተገደደ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ አስቸጋሪውን ውሳኔ በጥሩ ሁኔታ ይወስኑና ቀላሉን የሚወስኑበት ጊዜ ያጣሉ።

ዲቪያ ወደ መለያው የደረሰችው ዕድል አምልጧት ነው። በፍጻሜው የመጀመሪያ መደበኛ ጨዋታ ነጭ ይዛ ገና በጊዜ ትልቅ ብልጫ አግኝታ ነበር፤ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ሳታገኘው ቀርታ በአቻ ተለያዩ። ሁለት ጨዋታ ብቻ ባለበት ግጥሚያ ይህ ከባድ ነው። አንዱን ካሸነፍክ በሌላው አቻ ይበቃሃል፤ ተጋጣሚህ ግን ማሸነፍ ግዴታው ይሆናል። ያመለጠ ድል ትልቁ ጉዳቱ ግን የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ተጫዋቹ የአሁኑን ሰሌዳ እያየ የትናንቱን ያሰላል፣ ሰዓቱም ያለ ሥራ ይፈስሳል። በማግስቱ ጥቁር ይዛ አቻ ወጣች። በመጀመሪያው ራፒድም ነጭ ይዛ እንዲሁ አቻ።

በሁለተኛው ራፒድ ነጭ የያዘችው ሃምፒ ናት። ጨዋታው ረዘመ፣ ጠጠሮቹ ቀነሱ፣ ሃምፒም በሰዓት ተጨነቀች። ተቀማጩ ሲያልቅ የሚቀረው ጭማሪው 10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ማየት፣ መምረጥ፣ ማንቀሳቀስና ባንቀሳቀሰው እጅ ሰዓቱን መምታት ይጠበቃል። በዚህ ደረጃ ልምድ ያላቸው የሚያደርጉት ነገር አለ፦ ሁኔታውን የማይለውጥ እንቅስቃሴ በ3 ሰከንድ ተጫውቶ 7 ሰከንድ ማጠራቀም። አደጋው አንድ ነው፤ ያው አቀማመጥ ለ3ኛ ጊዜ ከተደገመ ተጋጣሚው አቻ ይጠይቃል። ሃምፒ በጥድፊያው ተሳሳተች፣ ዲቪያም ጥቁር ይዛ አሸነፈች። አጠቃላይ ውጤቱ 2.5 ለ 1.5። ንጹሕ ጨዋታ እንዳልነበረ ራሷ አልሸሸገችም፤ የጨዋታ ማብቂያ ላይ ገና መማር እንዳለባት እዚያው ተናግራለች።

ስለ ድካም ጥቂት። ዲቪያ ግማሽ ፍጻሜውን ቻይናዊቷን ታን ዦንግዪን 1.5 ለ 0.5 አሸንፋ በመደበኛው ጨዋታ ጨርሳዋለች። ሃምፒ ግን ከሌላዋ ቻይናዊት ሌይ ቲንግጂዬ ጋር እስከ 5 ደቂቃው ጨዋታ ድረስ ታግላ 5 ለ 3 ነው ያለፈችው። የፍጻሜውን ውጤት ይህ ወሰነው ማለት አይቻልም፤ በጥሎ ማለፍ ግን በጊዜ መጨረስ ራሱን የቻለ ብልጫ ነው።

በዚያው ምሽት ዲቪያ ግራንድ ማስተር ሆነች። ይህኛው ብዙ አከራከረ። በመደበኛው መንገድ ሬቲንግ 2500 መድረስና ቢያንስ 27 ጨዋታ የሚሸፍኑ ኖርሞች (በአንድ ውድድር የግራንድ ማስተር ደረጃ ውጤት ማምጣት) ማሟላት ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኖርም ማለት ነው። ለኖርሙ በውድድሩ የ2600 ሬቲንግ ብቃት ማሳየት ግዴታ ነው፦ የተጋጣሚዎችህ አማካይ ሬቲንግ 2380 ከሆነ ከ9 ጨዋታ 7 ነጥብ ማምጣት አለብህ ማለት ነው። ዲቪያ ባቱሚ ስትገባ አንድም ኖርም አልነበራትም። የዓለም ዋንጫውን ያሸነፈች ሴት ግን በደንቡ መሠረት ማዕረጉን በቀጥታ ታገኛለች። ከሃምፒ፣ ከሃሪካ ድሮናቫሊና ከቫይሻሊ ቀጥላ 4ኛዋ ሕንዳዊት፣ በአጠቃላይ ደግሞ የሀገሪቱ 88ኛ ግራንድ ማስተር ሆነች።

አቋራጭ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ አይመስለኝም። በዚሁ ውድድር በሬቲንግ 2ኛ ሆና የጀመረችውን ዡ ጂነርን በ4ኛው ዙር፣ ሃሪካን በሩብ ፍጻሜ በመለያ ጨዋታ አሰናብታለች። ከዚያ በፊት በ2024 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ወር በኔዘርላንድስ ዋይክ አን ዜ ተመልካቾች ስለ ጨዋታዋ ሳይሆን ስለ ልብሷ፣ ስለ ፀጉሯና ስለ አነጋገሯ ማውራታቸውን በይፋ ጽፋ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጋንዲናጋር ውስጥ የዓለም ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ሻምፒዮናን ከ11 ጨዋታ በ10 ነጥብ ወሰደች፤ በሴፕቴምበር ደግሞ በቡዳፔስቱ ኦሊምፒያድ (የሀገራት ቡድኖች ውድድር) 3ኛ ቦርድ ላይ፣ ማለትም በቡድኑ 3ኛ ተጫዋች ቦታ፣ ከ11 ጨዋታ 9.5 አምጥታ ከቡድኑም ከግሉም ወርቅ ወሰደች።