ለባሕር ኤሊ ብዬ ዓባይን ተሻገርኩ

ቅጹ ላይ አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ከዚህ በፊት በእጅዎ የሠሩት የተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ካለ ይግለጹ።» ከሥሯ ሦስት ባዶ መስመር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በእጄ የሠራሁት ከባዱ ሥራ ስቴፕለር መጫን ነው።

ጊዜው ጥር 2010 ነው። ኬንያ ውስጥ፣ ማሊንዲ አካባቢ፣ የባሕር ኤሊ እንቁላል ለሚጠብቁ ሰዎች ለሁለት ወር በጎ ፈቃደኛ ልሆን አመልክቻለሁ። ሌላው ሌላው ተሟልቷል። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ ስላለበት ቶሎ ብዬ ተወግቻለሁ። መርካቶ ወርጄ ሰፊ ባርኔጣና ቀይ መብራት የሚያወጣ የግንባር ባትሪ ገዝቻለሁ። ነጭ ብርሃን እንቁላል ልትጥል የወጣችውን ኤሊ ስለሚያስበረግግ ሌሊት በቀይ ነው የሚሠራው። የጎደሉኝ ሦስቱ መስመሮች ብቻ ናቸው።

ለአጎቴ ደወልኩ። «በጥር እኛ አገር ሰው ሁሉ እርከን ላይ ነው፤ መጥተህ ቆፍር» አለኝ። አለቀ።

ሚኒባሱ እስከ ደብረ ማርቆስ 250 ብር አለኝ፤ ከፈልኩ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ነው አጠገቤ ያለችው ሴት 180 መክፈሏን የሰማሁት። ረዳቱን ጠየቅኩት።

«አንተ ሻንጣ አለህ» አለኝ።

ሻንጣዬ ጉልበቴ ላይ ነው! ሴትዮዋ ከእግሯ ሥር ሁለት ዶሮ አስቀምጣለች። ሰባ ብሬን ሳሰላ የዓባይ በረሃ አለፈኝ። ጃፓኖች የሠሩትን ድልድይ እንኳ ያየሁት ከተሻገርነው በኋላ ዞር ብዬ ነው። ደብረ ማርቆስ አደርኩ፤ ሻዩ ጥሩ ነበር። በማግስቱ እስከ ረቡዕ ገበያ በመኪና፣ ከዚያ ወደ ጮቄ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት ለሞቃት ባሕር ነው። እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ ስስ አንሶላ፣ ነጠላ ጫማ። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአያቴ የእማማ ቤት ጫፉ ላይ ባይሆንም ብርዱ ይህን ልዩነት አያውቅም። አዲስ አበባ ብርድ አለ የሚል ሰው አንድ ሌሊት እዚህ ይደር። እማማ ጋቢዋን ደረበችልኝ። ጋቢው ውስጥ ቁንጫ ነበር። ብርዱን ስሸሽ ለቁንጫው፣ ቁንጫውን ስሸሽ ለብርዱ ስሰጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። ሽንቴም መጣ።

ባትሪዬን ግንባሬ ላይ አሰርኩና ወጣሁ። መቼም መሞከሬ አይቀርም አይደል? ቀዩን አበራሁት። መጀመሪያ የእኛ ውሻ ጮኸ። ከዚያ የጎረቤት። ከዚያ የመንደሩ ሁሉ። ከማዶ አንድ ሰው «በስመ አብ! ማነህ?» ብሎ ሲጮኽ ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ድምፁ ወዳለበት በዞርኩ ቁጥር ቀዩ ዓይን እሱ ላይ ያፈጣል። አጎቴ ዱላ ይዞ ደረሰ። ሳቁን እስኪጨርስ ሱሪዬን መታጠቅ አቃተኝ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ስደርስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ዓይናው ጅብ ነበር። ዝም አልኩ። አጎቴ ግን ዝም አላለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ገመድ ወጥሮ በውሃ ልክ ይለካል፤ መስመሩ ተዳፋቱን አቋርጦ ደልዳላ መሆን አለበት። ከዚያ ቦዩ በዶማ ይቆፈራል። እስከዚህ ድረስ ይቻላል። አፈሩን ግን ወደ ታች አይደለም የምትደፋው፤ በአካፋ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ነው የምትወረውረው። ከቦዩ በላይ የተቆለለው አፈር ጎርፍ የሚያወርደውን መሬት እየያዘ፣ ከዓመት ዓመት ማሳው ደረጃ እየሠራ ይሄዳል። አፈር ወደ ላይ መወርወር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ ትከሻዬን አሳየው ነበር።

«ይሄ ፋንያ ጁ ነው» አለኝ የግብርና ባለሙያው፣ አንድ ወጣት ልጅ።

አጎቴ ስሙ ፈረንጅኛ ነው ባይ ነው። ልጁ ሳቀ። ስዋሂሊ ነው አለን፤ ወደ ላይ አድርግ እንደ ማለት። ከኬንያ የመጣ ዘዴ ነው፤ እዚሁ ጎጃም፣ ደንበጫ አጠገብ አንጀኒ ላይ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል። ለኬንያ ብዬ በስልኬ የስዋሂሊ መማሪያ ጭኜ ነበር። ገና ሰላምታው ላይ ነኝ። በቅጡ የገባኝ የመጀመሪያው የስዋሂሊ ቃል ይኸው ጎጃም ውስጥ፣ በእጄ ላይ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ።

አራት ቀን ቆፈርኩ። ከጎኔ ድንጋይ የምታመላልስ አንዲት ባልቴት ባለፈች ቁጥር «አይዞህ የኔ ልጅ» ትለኛለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ባትለኝ እመርጥ ነበር።

ማታ ማታ ድንችና የገብስ እንጀራ ነው። አንድ ማታ አጎቴ «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሃል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ የምከፍለው ጋሼ። ለምግብና ለመኝታ። በዶላር።»

ቤቱ ጭር አለ። አጎቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መለሰው።

«ምን አጥፍተህ ነው?»

አስረዳሁ። ኤሊዋ መቶ ያህል እንቁላል አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች፤ እስኪፈለፈል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሰውም አውሬም ይቆፍረዋል፤ ስለዚህ ሌሊት እየዞሩ ጎጆውን መጠበቅ ያስፈልጋል። አጎቴ የያዘው «ሌሊት እየዞሩ» የሚለውን ብቻ ነው። «ዘበኛ ነዋ! ዘበኛ ደግሞ ከፍሎ ይቀጠራል እንዴ?» እማማ ግን የሐሳቧ ሌላ ነበር። ባሕር አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁም። በሩ ላይ ወደቆመው ባሕር ዛፍ እያየች «እንግዲህ ዛፉ እኛ ጋ ቀረ፣ ባሕሩን አንተ እየው» አለችኝ።

ልሄድ ስል ስንቅ አዘጋጀች። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሁሉም በፌስታል፣ ፌስታሉም በሌላ ፌስታል። ቆጠርኩ፤ ሰባት። ኬንያ ደግሞ ፌስታል ከከለከለች ገና ግማሽ ዓመት አልሆናትም፤ ማምረትና መሸጥ እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። ይህንን ለእማማ መንገር ፈራሁ፤ በፌስታል ሰው ታሰረ ቢባል ጉዞውን ራሱ ልታስቀርብኝ ትችላለች። ነገርኳት።

«ደግ አደረጉ» አለች። «ላሜን የገደላት እሱ አይደል? ሆዷ ሲቀደድ ይህን ያህል ወጣ» ብላ በእጇ አሳየችኝ። ከዚያ ያረጀ ነጠላዋን ቀደደችና እየሰፋች አራት ከረጢት ሠራች። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ አንድም ጊዜ ቀና አላለችም። ሰባቱን ፌስታል ከምድጃው አጠገብ አጣጥፋ አስቀመጠች። እኔም ጫማና የጥርስ ብሩሽ የቋጠርኩባቸውን አውጥቼ ጨመርኩላት።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ቅጹን አወጣሁ። «የእርከን ሥራ (ፋንያ ጁ)፣ 11 ሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ሜትር አጎቴ እንዳስተካከለልኝ ሕሊናዬ ቢያስታውሰኝም መስመሩ አልቆብኝ ነበር። በመልሱ 180 ከፈልኩ። ሻንጣዬን አስቀድሜ ለረዳቱ አሳይቼ፣ ተከራክሬ።

ደጀንን አልፈን ወደ በረሃው መውረድ ስንጀምር፣ ከጎኔ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ልጅ ፊቱ ነጣ። ጥምዝምዙ ነው። እናትየው «ወይኔ፣ ሊለው ነው» አለች።

«ፌስታል ያለው!» ብሎ ጮኸ ረዳቱ። «ፌስታል!»

ሰው ሁሉ ኪሱን ዳበሰ። እኔም ዳበስኩ። የእማማን ከረጢቶች አየኋቸው፤ አያደርገውም። ልጁ አንዴ አጓራ።

ባርኔጣዬን ሰጠሁት።