እየዳነ የሚጠፋ ማስረጃ

የመኪና አደጋዬ የካሳ ጉዳይ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። ዛሬ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣሁት። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል። የመጀመሪያውን ገጽ በግራ እጄ ስለጻፍኩት የሕፃን ጽሕፈት ይመስላል። “ቀን 1። ዜብራ ላይ መኪና ገጨኝ። ግራ ጉልበትና ጭን፣ ቀኝ ክርን፣ የቀኝ እጅ አንጓ። አውራ ጣቴ ሥር ያማል።” በቃ፣ ይኸው ነው።

ያን ሌሊት ይህችን ስጭር ስለ ካሳም ስለ ማስረጃም አላሰብኩም። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የጻፍኩት። ኋላ ግን ከፎቶውም ከፖሊስ ሪፖርቱም በላይ የጠቀመችኝ ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሆነች። እመለስባታለሁ።

ከመሬት ስነሳ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል “ደህና ነኝ” ነበር። ሹፌሩ ደንግጦ ወርዶ “ተጎዳሽ እንዴ?” ሲለኝ፣ ደህና ነኝ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ፣ ደህና ነኝ። እንዲያውም ሹፌሩን ለማጽናናት ሳልሞክር አልቀረሁም። ለነገሩ አልዋሸሁም። በዚያች ሰዓት ምንም አልተሰማኝም። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ ሕመሙን ለጊዜው ይሸፍነዋል። የአንገት ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው ብቅ የሚለው። ይሁን እንጂ “ደህና ነኝ” ያልኩት ሪፖርቱ ላይ ሰፈረ። ከወራት በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው ያንኑ ቃሌን በእርጋታ መልሶ አነበበልኝ። አሁን ቢሆን “ገና አላወቅኩም፣ ሐኪም ይየኝ” እል ነበር። እውነተኛው መልስም እሱ ነበር።

የቦታውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። እኔማ ስልክ እንዳለኝም ረስቻለሁ። አንድ መንገደኛ ልጅ ነው ስልኩን አውጥቶ ስድስት ፎቶ ያነሳልኝ። ቁጥሩንም ሰጠኝ። ያን ሰዓት በወጉ እንኳን አላመሰገንኩትም። ማታ ፎቶዎቹን በሜሴጅ ላከልኝ። ጠበቃዬ ስታያቸው መጀመሪያ የጠየቀችው “ኦሪጅናሉ የት አለ?” ነበር። ፎቶ ፎቶ ነው ብዬ ነበር እኮ። ለካስ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን፣ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ብዙዎቹ የሜሴጅ መተግበሪያዎች ግን ምስሉን ጨምቀው፣ ይህን መረጃ አራግፈው ነው የሚልኩት። ልጁ በኢሜይል እንደገና እንዲልክልኝ ለመንኩት። ደግነቱ አልሰረዘውም።

ከስድስቱ አራቱ ክርኔን በቅርብ ያነሱ ነበሩ። ደም፣ የተላጠ ቆዳ፣ ጠጠር። ያስደነግጣሉ። ግን የማንም ክርን ሊሆኑ ይችላሉ፤ የትም የወደቀ ሰው። አንዷ ፎቶ ግን ከሩቅ ነበረች። መንገዱ፣ ዜብራው፣ መስመሩን አልፎ የቆመው መኪና፣ እኔ አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ። ደም የለባትም፣ ፊቴም በቅጡ አይታይም። ጉዳዬን በእግሩ ያቆመችው እሷ ናት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ቁስሉን፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ያቺው ፎቶ ደግሞ እኔንም ጉድ አደረገችኝ። ያን ቀን ሲያካፋ ነበር ብዬ ለእህቴ ነግሬያታለሁ፣ ለጓደኞቼ ነግሬያለሁ፣ ለራሴም ደጋግሜያለሁ። አስፋልቱ ሲያንጸባርቅ አሁንም ይታየኛል። ፎቶው ላይ ግን መንገዱ ደረቅ ነው። የኔ ጥላ ራሱ ጥቁርና ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ! ዝናቡን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አይገባኝም። በጽሑፍ ቃሌን ከመስጠቴ በፊት ማየቴ በጀኝ። ስለ ዝናቡ የተሳሳተ ሰው ስለ ትራፊክ መብራቱስ ማን ያምነዋል?

ከዚህ በኋላ ስለ ትውስታ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተለወጠው ግሱ ብቻ። መኪኖቹ “ሲላተሙ” ተብለው የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 40.5 ማይል ገመቱ። “ሲነካኩ” የተባሉት 31.8። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ “የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?” ተባሉ። “ሲላተሙ” ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

በአማርኛ ደግሞ ግስ መች ይጠፋል? ሹፌሩ “ነካ ነው ያደረግኳት” አለ። እኔ ለሰው ሳወራ “አምዘግዝጎ ወረወረኝ” እላለሁ። ሁለታችንም የዋሸን አይመስለኝም። እያንዳንዳችን ግስ መርጠን እዚያው ውስጥ መኖር ጀመርን። ቃሌን ስጽፍ ማምዘግዘጉን አወጣሁት። የቀረው ይህ ነው፦ “ከግራ በኩል የመጣ መኪና ግራ ጉልበቴን መታኝ። ወደ ቀኝ ወደቅኩ። ስወድቅ የቀኝ መዳፌን ዘርግቼ መሬቱን ተደገፍኩ።” ደረቅ ናት። ስጽፋት እንዲያውም ቅር ብሎኝ ነበር፤ የኔ መከራ በዚህች አጭር ነገር ይገለጻል?

ካሜራውን ያስታወሰችኝ እህቴ ናት። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሕንፃ በሩ ላይ ካሜራ አለው። በአራተኛው ቀን እያነከስኩ ሄድኩ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው። “ልጄ፣ ይሄ እኮ በሳምንቱ በራሱ ላይ ነው የሚቀዳው” አሉኝ። ቦታ ሲሞላበት አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይጭናል። አንዳንዱ ለሳምንታት ያቆያል፣ አንዳንዱ ለጥቂት ቀናት። የሕንፃው አስተዳደር ቅጂውን በቀጥታ ለኔ አልሰጠኝም። እንዳይደመሰስ ግን ቀንና ሰዓት ጠቅሼ በጽሑፍ ጠየቅኩ፣ የተቀበሉበትንም ፊርማ ያዝኩ። ኋላ በፖሊስ በኩል ወጣ። የሚያሳየው ግማሹን ዜብራ ብቻ ነው። ግማሹም በቃኝ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

የግራ ጭኔ በልዞ ነበር። ትልቅ ብልዝ፣ ከመዳፍ የሚሰፋ። በየቀኑ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቆሜ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያ በዳር በዳሩ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ። ከቆዳ ሥር የፈሰሰው ደም ሲፈራርስ ነው አሉ። ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ወደሆነ ነገር ይለወጣል። በቀለሙ ብቻ ግን ብልዙ ስንት ቀን እንደሆነው አስተማምኖ መናገር አይቻልም፤ ሰው ከሰው፣ ቆዳ ከቆዳ ይለያያል። ስለዚህ ነው ቀን ያለው ፎቶ የሚያስፈልገው።

በስምንተኛው ቀን ሲገርጣ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ሊጠፋ ነው! ገና ማንም አላየውም! እንዲህ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ለመዳን እየጸለይኩ፣ መዳኔ እንደ ሌባ ማስረጃዬን ይዞብኝ ሲሄድ የማይ ሰው ሆንኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእህቴም ቢሆን። ቁስልን ለመንከባከብም ለመሰነድም የምታየው በዚያው ዓይንህ ነው፤ ማታ መስታወት ፊት ስቆም የትኛው እንደሆንኩ ይጠፋብኝ ነበር።

ሌላው ሁሉ የቢሮ ሥራ ነው። የተቀደደው ጃኬቴ ሊታጠብ ሲል ከባልዲው አፍ ላይ ነው ያተረፍኩት። ደም ስለነካው በወረቀት ከረጢት አስቀመጥኩት፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ደረሰኞቼንም በየቀኑ ፎቶ አነሳሁ። ከማሽን የሚወጣው ስስ ወረቀት በሙቀት ስለሚታተም በብርሃንና በሙቀት ይደበዝዛል። አንዱ የመድኃኒት ደረሰኜ በሁለት ወር ውስጥ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መሥሪያ ቤቴ የቀረሁባቸውን ቀናት በደብዳቤ ጻፈልኝ። እህቴ ያጠበችልኝንና ያበሰለችልኝን ሰዓትም መዘገብኩ፣ እሷ ብትስቅብኝም።

ደብተሩ ግን ሌላ ነው። በየማታው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እጽፋለሁ፣ ከሥሩ ያቃተኝን ነገር። “ሥቃይ 7። የውሃ ጠርሙስ ክዳን መክፈት አልቻልኩም።” “ሥቃይ 8። ጸጉሬን በአንድ እጅ ማሰር አይቻልም።” በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ እህቴ አነበበችው።

“8፣ 9፣ 8፣ 9። አንቺ፣ እኔ እኮ ትናንት ስትስቂ ሰምቼሻለሁ።”

“ታዲያ የሚስቅ ሰው አያመውም?”

“ያመዋል። ግን መሳቅሽንም ጻፊያ።”

ተቆጣሁ። ሁለት ቀን አኩርፌያታለሁ። ከዚያ ግን “ቀን 9። ዛሬ ይሻላል። 3። ከቤት ወጥቼ ትንሽ ተራመድኩ” ብዬ ጻፍኩ። ጠበቃዬ ኋላ ደብተሩን ስታገላብጥ ጣቷን ያሳረፈችው እዚህ ቀን ላይ ነው። ደህና የዋለበትን ቀን የሚጽፍ ሰው ያመመውን ቀን ሲጽፍ ይታመናል አለችኝ። አምስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ሹፌሩን የረገምኩበት ግማሽ ገጽ አለ። እዚህ አልደግመውም። ሌላው ወገን ሊያየው እንደሚችል ስሰማ ልቀደው ነበር። ግን የተቀደደ ገጽ ከእርግማን የባሰ ጥያቄ ያስነሳል። እንዳለ ተውኩት። የኢንሹራንሱ ሰው አንብቦት እንደሆን ፊቱ ላይ አላስታወቀም።

እንግዲህ ወደ አውራ ጣቴ።

በመጀመሪያው ቀን አንጓዬ ራጅ ተነስቷል። ምንም የለም፣ ወለምታ ነው ተባልኩ። ካልተሻለሽ ተመልሰሽ ነይ አሉኝ። ሊሻለኝ አልቻለም። በ13ኛው ቀን ድጋሚ ስነሳ ስብራት ታየ። ስካፎይድ የምትባል፣ አውራ ጣት ሥር ያለች ትንሽ የአንጓ አጥንት። እጄ ጄሶ ገባ።

የኢንሹራንሱ ጥያቄ አጭር ነበር። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ነው፤ ይህ ስብራት ከአደጋው በኋላ ሌላ ቦታ ወድቀው የመጣ አለመሆኑን በምን እናውቃለን? ስሰማ ደሜ ፈላ። አሁን ሳስበው ግን ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር።

ሐኪሙ በደብዳቤ አስረዳልኝ። የስካፎይድ ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ድጋሚ ይነሳል። የሚሰበርበት የተለመደው መንገድም በተዘረጋ መዳፍ ላይ መውደቅ ነው። ያቺ ደረቅ ዓረፍተ ነገሬ! “የቀኝ መዳፌን ዘርግቼ መሬቱን ተደገፍኩ።” ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ነው የጻፍኳት። በቀን 1 እና በቀን 13 መሃል ያለውን ክፍተት የሞላው ደግሞ ደብተሩ ነው። “አውራ ጣቴ ሥር ያማል።” ክዳን፣ ቁልፍ፣ ጸጉር፣ ክዳን። አንድም ቀን አልተዘለለም። ጥያቄው እዚያው ቆመ። ስለ ገንዘቡ አልጽፍም፤ የጠበቅኩትም አይደለም፣ የፈራሁትም አይደለም።

ዛሬ ደብተሩን ልዘጋው ስል መጨረሻው ገጽ ላይ ያለችውን አየኋት። ስጽፋት ጉዳዩ ገና አላለቀም ነበር። ጥቂት አመንትቼ ነበር ያን ቀን። እስክሪብቶውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እህቴ ከወዲያ ሆና ታየኛለች፣ ምንም አላለችም። ጻፍኩት፣ ፎቶ አንስቼም ለጠበቃዬ ላክሁላት።

“ቀን 121። የጠርሙሱን ክዳን በቀኝ እጄ ከፈትኩ። ሥቃይ 1።”