በሰርግ ቪዲዮ ምክንያት ቢሮ የተጠራሁ ቀን

ባለፈው እሁድ አብሮ አደጌ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እኔ ምልህ፣ አሜሪካ መሣሪያ እንደ ስኳር ሱቅ ውስጥ ይሸጣል አሉ። አንተ እስካሁን አንድ እንኳ አልገዛህም?» አለኝ። «እዚህ እኮ ለአንድ ክላሽ ስንት በሬ ይሸጣል። እናንተ መብታችሁ ሆኖ ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ?»

በስልክ መልሱ አልወጣልኝም። ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ሜሪላንድ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። አገር ቤት ታላቅ ወንድሜ አገባና የሰርጉ ቪዲዮ በቴሌግራም መጣልኝ። እናንተ ታውቁታላችሁ። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ምንሽሩን ከፍ አድርጎ «ዘራፍ!» ይላል። ከኋላው የአጎቶቼ ልጆች ክላሹን ወደ ሰማይ ያንጣጡታል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። መሄድ ስላልቻልኩ እሱን እየደጋገምኩ ሳይ አደርኩ።

በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ለሚሠራው ሰውዬ አሳየሁት። ስድሳ ዓመት የተጠጋው ደግ ሰው ነው። በየዓመቱ አጋዘን አድኖ ሥጋውን ለሠራተኛው ያካፍላል። ቤቱ ስድስት ጠብመንጃ እንዳለው ራሱ ነግሮኛል። እሱ ይገባዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን ሲለወጥ አየሁ። «ጦርነት ነው?» አለኝ። «ሰርግ ነው» አልኩት። ሌላ ቃል ሳይናገር ምሳውን ጠቅልሎ ተነሳ።

በማግስቱ ቢሮ ተጠራሁ። ሱፐርቫይዘሯ ከአንድ የጥበቃ ኃላፊ ጋር ቁጭ ብላለች። ቪዲዮውን ክፈት አሉኝ፤ ከፈትኩ። እነዚህ ሰዎች የታጠቀ ቡድን ናቸው ወይ፣ ቤትህ መሣሪያ አለ ወይ፣ ሥራ ይዘህ መጥተህ ታውቃለህ ወይ እያሉ በየተራ ጠየቁኝ። የጥበቃው ሰውዬ አባቴ ላይ ሲደርስ ቪዲዮውን አቆመና ፊቱን በሁለት ጣቱ አጎላው።

«ይኼ ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

ፉከራን በምን ላስረዳው? አባቴ የአያቱን ስም እየጠራ፣ የዘመተበትን ቦታ እየቆጠረ ነበር። ያለኝ እንግሊዝኛ «ስለ ጀግንነቱ እየተናገረ ነው» ከማለት አላለፈም። ሴትዮዋ ይህንን ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ስትጽፍ የብዕሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

አጥፋው ያለኝ ሰው አልነበረም። እጄ እየተንቀጠቀጠ እዚያው ፊታቸው ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አባቴ ጠብመንጃው ጥይት ባይኖረው እንኳ አፈሙዝ ወደ ሰው አዙሮ አያውቅም። እኛን ልጆቹንም የቀጣን በዚያ ነው። ለእነሱ ግን ሽፍታ መሰለ። በሌላ በኩል እውነቱን ልናገር። የሰርግ ተኩሳችን ልክ አይደለም። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። በደስታ ቀን ለቅሶ የገባበትን ቤት የማያውቅ ጎጃሜ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ የዚህን አገር ሕግ ማንበብ ጀመርኩ። ለዜግነት ፈተና ካጠናኋቸው መቶ ጥያቄዎች አንዱ፣ እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ ካሉት መብቶች ሁለቱን ጥቀስ ይል ነበር። ከመልሶቹ አንዱ መሣሪያ የመያዝ መብት ነበር። እኔም ሸምድጄ ገባሁ። የምኖርበት ስቴት ግን ከመብቱ ላይ ገደብ አበጅቷል። በታኅሣሥ 2012 (እ.ኤ.አ.) ኮነቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ተገደሉ። በዓመቱ ሜሪላንድ ብዙ ጠብመንጃዎችን በስም ዘርዝራ የሚከለክል ሕግ አወጣች። የኛ ክላሽ «በማንኛውም መልኩ» ተብሎ ተጽፏል። ኤአር-15 የሚባለው የአሜሪካኖቹ ጠብመንጃም አለበት፤ በርሜሉ የከበደ አንድ የኮልት ኩባንያ ስሪት ብቻ ከእገዳው ተለይቶ ቀርቷል።

ባለ ጠብመንጃዎች ከሰሱ። ቨርጂኒያ ሪችመንድ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 (እ.ኤ.አ.) እገዳውን አጽንቶት ነበር። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ዮርክ የመሣሪያ ሕግ ክርክር ላይ አዲስ መለኪያ አወጣ። የዛሬ እገዳ ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ሕግ ጋር መመዘን አለበት አለ። የሜሪላንድ ክርክር እንደገና ወደ ሪችመንድ ተመለሰ። ሦስት ዳኞች ሰምተውት ከዓመት በላይ ያለ ውሳኔ ቆየ። በመጨረሻ ዳኞቹ በሙሉ ተሰይመው በኦገስት 2024፣ 10 ለ 5 እገዳውን አጸኑት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዊልኪንሰን እነዚህ መሣሪያዎች ለጦር ሜዳ እንጂ ራስን ለመከላከል የሚመጥኑ አይደሉም አሉ። የተቃወሙት ዳኛ ሪቻርድሰን ደግሞ ሕዝቡ በብዛት የያዘውን መሣሪያ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል አሉ። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አላይም አለ። ሦስት ዳኞች ግን ይታይ ብለው ነበር። ዳኛ ካቫናውም ጥያቄውን በቅርቡ ማየት አለብን ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ነገሩ አልተዘጋም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ በጠብመንጃ ጉዳይ ያለ ጠብመንጃ ዓመታት ተከራከሩ። በዚህስ ቀናሁባቸው። በኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የመሣሪያ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። እኛ ቀበሌ አዋጁን አንብቦ የተከራከረ ሰው ግን አላውቅም። በአንጻሩ ደግሞ የእኔ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት፣ ተኳሽ ቢገባ ተብሎ፣ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ትንፋሿን መዋጥ ትለማመዳለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ለአገር ቤት ዘመድ ስነግር ማንም አያምነኝም።

ዲቪ የደረሳችሁ፣ ለትምህርት የምትመጡ፣ ስሙኝ። «መብት ነው» የሚለውን ቃል ይዛችሁ አትሩጡ። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠብመንጃም ጥይትም እንዳይዝ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ለፎቶ ብላችሁ መተኮሻ ቦታ ሄዳችሁ አትንኩ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በተማሪ ቪዛ መጥቶ ከትምህርቱ የተሰናበተ አንድ ወጣት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዶ በመተኮሱ ተከሶ ጉዳዩ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ግሪን ካርድ ያለው በሕጉ መግዛት ይችላል። በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ግን ከአገር ሊባረር ይችላል። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼም፣ የቨርጂኒያ የመሣሪያ ፈቃድ ይዛችሁ ድልድዩን ከተሻገራችሁ ሜሪላንድም ዲሲም አይቀበላችሁም።

ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ ሥራ ቦታ አታሳዩ።

ለጓደኛዬ መልሼ ደወልኩ። ጠብመንጃ እንደማልገዛ ነገርኩትና አንድ ነገር ለመንኩት። አባቴ ያረፈው ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሲፎክር የተቀረጸበት ሌላ ቪዲዮ የለንም። ትንሽ ዝም አለና «የኔ የድሮ ስልክ ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ ቻርጀር ልፈልግለት» አለኝ። ማክሰኞ ሌሊት ላከልኝ። ልጄ ተኝታ ስለነበር በሩን ዘግቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። የአያቱን ስም ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው።