ዕቅዱ ሼልፍ ላይ እንዳያረጅ

ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። የአካባቢያችንን የስማርት ትራንስፖርት ዕቅድ ወቅታዊ ማድረግ የእኔ ድርሻ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ካሜራና ትልቅ ስክሪን ይታየዋል። ዕቅዱ ግን በዋናነት ሰንጠረዥ ነው። ማን ምን መሣሪያ አለው? ማን ለማን ምን መረጃ ይሰጣል? ቀጥሎስ ምን ይገዛል?

አሜሪካኖች ነገሩን በሕግ አስረውታል። የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ዕቅዱን ያወጡት መሥሪያ ቤቶች ማን እንዴት እንደሚያድሰውም መወሰን አለባቸው። እኛን የሚያስገድደን ስለሌለ ሥራውን ከግዢ ጋር አያያዝኩት። ጂፒኤስም ሆነ ካሜራ ይገዛ ሲባል አንድ ገጽ ቅጽ ይሞላል፤ የትኛው የሰንጠረዡ መስመር ይለወጣል፣ መረጃው ወዴት ይሄዳል፣ ማን ያየዋል። ቅጹ ካልተሞላ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። "ደግሞ ሌላ ወረቀት!" ተብሎ ነበር፤ ገንዘብ ያለበትን ፋይል ግን የሚረሳ የለም። ዕቅዱን ለማደስ የምናደርገው ዓመታዊ ዎርክሾፕ ከውሎ አበሉ በቀር ብዙም አልጠቀመንም።

ከሁሉም ያስተማረኝ ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው የጣርማበር ዳገት ነው። ሰንጠረዡ "የአየር ሁኔታ መረጃ ከጣቢያ ወደ ማዕከል" ይላል። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። ጉሙ ሲከብድ፣ ወይም ተሳቢ ዳገቱ ላይ ቆሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ሾፌር ለሾፌር ይደውላል። ወሬው መናኸሪያ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ትራፊክ ፖሊስ። የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮችማ ከሁሉም ቀድመው ያውቃሉ።

አንድ የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ "ጋሼ፣ ይሄን ለማን ነው የሚናገሩት?" ብላቸው "ለጠየቀኝ ሁሉ" አሉኝ።

እንዳለ አስገባሁት። ላኪ፦ ስምሪት። ተቀባይ፦ ትራፊክ ፖሊስ። መንገዱ፦ ስልክ። አማካሪው "ይሄ እኮ ቴክኖሎጂ አይደለም" አለ። እኔ አልተስማማሁም። ነገ ዳገቱ ላይ ዲጂታል ምልክት ቢተከል፣ ማን እንደሚያዘው የሚታወቀው ከዚህ መስመር ነው።

"አስተያየት" የሚለውን አምድም አትናቁት። ጣሊያን የቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የጂፒኤስ የሳተላይት ሲግናል ደግሞ ተራራ አይበሳም። ስክሪኑ ላይ መኪናው ዋሻው አፍ ላይ ቀጥ ይልና ቆይቶ በማዶ ብቅ ይላል። አዲስ ተቆጣጣሪ ደንግጦ እንዳይደውል ይህን ጽፈንለታል።

የሰው ስም አልጽፍም፤ ሰው ይዛወራል። የሥራ መደብና የቢሮ ስልክ ይበቃል። የቀረ መስመርም አላጠፋም፤ ለምን እንደቀረ ጽፌ ወደ ሌላ ገጽ አዛውረዋለሁ። አለበለዚያ የሚቀጥለው አለቃ ያንኑ ሐሳብ እንደ አዲስ ያመጣዋል።

አሁን እልባት ያላገኘው ከሰንጠረዡ ስለ ስልክ የሚለው መስመር ነው። ስምሪቶቹ "ካርዱን ማን ይሞላልናል?" ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። "ወጪ" የሚለው አምድ ላይ የሞባይል ካርድ ብዬ ጻፍኩ። ፋይናንስ ከየትኛው በጀት ኮድ እንደሆነ እየጠየቀኝ ነው።