የልብስ ማጠቢያ ክፍላችሁን ወለል በውሃ ሳትፈትኑ ሴራሚክ አታስነጥፉ

ቤት ሲታደስ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሳሎንና ስለ መኝታ ቤት ነው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ማንም አያነሳም። ኮንትራክተሩ ራሱ ፕላኑን ሲያይ በጣቱ አልፏት "እሷን በኋላ እናያታለን" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን በየቀኑ እጄን የማረጥበው እዚያ ነው። ስለዚህ ብዙ ሐሳብ ያፈሰስኩት እሷ ላይ ነው፤ ዛሬም ባድስ ከእሷ እጀምራለሁ።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ከፊት የሚከፈት ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። ከኋላው ለቱቦዎቹ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተውኩ። ከላዩ ልብስ ማጠፊያ ጠረጴዛ አደረግኩ። የውሃ መዝጊያውን ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ አስገባሁ። ቱቦ ሲፈነዳ ያንን የሚያህል ማሽን እየጎተተ መዝጊያ የሚፈልግ ሰው፣ እስኪያገኘው ቤቱ በውሃ ይሞላል። መደርደሪያ ላይ ደግሞ የካታሎጎቹን ምክር አልተከተልኩም። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ዕቃ ይውጣል። 30 ይበቃል፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል።

አሁን ወደ ወለሉ። ስምምነታችን መሃል ላይ የፍሳሽ መውረጃ እንዲገባና ወለሉ ከየአቅጣጫው ወደ እሱ እንዲያዘነብል ነበር። ባለሙያዎቹ ስሎፕ የሚሉት ነው። በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ሴራሚክ አንጣፊው ግን ውሃ ልኩን፣ ማለትም ወለል ጠፍጣፋ መሆኑን የሚያይበትን መሣሪያ፣ ይዞ መጣና እንደ ሳሎን ወለል አነጠፈው። የውሃ ልኩ አረፋ መስመሮቹ መሃል ቁጭ እስክትል እየደበደበ አስተካከለው። ላየው ሰው እጅግ የሚያምር ሥራ ነው።

አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ውሃው መውረጃው ጋ ደረሰና ቆመ። የመውረጃው ክዳን ከሴራሚኩ በጥቂቱ ከፍ ብሏል። ከዚያ ቀስ እያለ ዞሮ ወደ በሩ፣ ወደ ኮሪደሩ የእንጨት ወለል ሄደ።

ኮንትራክተሩ "በመጥረጊያ ገፋ ማድረግ ነው" አለኝ። አልተቀበልኩም። "ማሽን ተዳፋት ላይ ይንቀጠቀጣል" አለ። የማሽኑ አራት እግሮች እኮ የሚዞሩ ብሎኖች ናቸው፤ የተሠሩት ለዚህ ነው! ካስፈለገም ከሥሩ ብቻ ትንሽ ለጥ ያለ መቆሚያ ይሠራለታል። የክፍሉ ወለል በሙሉ ለማሽኑ ሲባል ጠፍጣፋ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሥራውን ሊያረጋግጥ የመጣው ተቆጣጣሪ ነው። ቅጹ ላይ "የፍሳሽ መውረጃ" የሚል መስመር አለ። መውረጃውን አየ፣ ምልክት አደረገ። "ውሃ እናፍስበትና እይ" ስለው "እሱ ቅጹ ላይ የለም" አለኝ። ውሃ የማይገባበት መውረጃ ምን ይሠራል? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ያዝኩና ይፍረስ አልኩ። ሲፈርስ ሌላ ጉድ ወጣ። ከሴራሚኩ ሥር የተቀባው ዋተር ፕሩፍ (ውሃ እንዳይሰርግ የሚከላከለው ቅብ) ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቆሟል። ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ መውጣት ነበረበት፤ አለዚያ ውሃው በማዕዘኑ ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ይሄን ካየን በኋላ ኮንትራክተሩም መከራከሩን ተወ።

ሁለተኛው ዙር ላይ አጠገባቸው ቆሜ ነው ያሠራሁት። መጀመሪያ ስሚንቶው ስሎፑን ይዞ ተሞላ። ከዚያ ዋተር ፕሩፉ ማዕዘኖቹን ይዞ ወደ ግድግዳው ወጣ። ሲደርቅ መውረጃውን ደፍነን ወለሉን ውሃ ሞላነው። የውሃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመርኩና ለ24 ሰዓት ተውነው። ውሃው ከመስመሩ አልወረደም። ሴራሚክ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴራሚኩንም ቀየርኩት። መውረጃው መሃል ላይ ከሆነ ትናንሽ ሴራሚክ ምረጡ። ትልቁ ካልተቆረጠ በስተቀር በአራት አቅጣጫ ሊያዘነብል አይችልም። ትልቅ ሴራሚክ የግድ ካላችሁ በአንዱ ግድግዳ ሥር ረጅም መውረጃ አስገቡ፤ ያኔ ወለሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል።

ሌላም ነገር አለ። ወለሉ ደረቅ ሆኖ ከከረመ በሲፎኑ፣ ማለትም ከመውረጃው ሥር ባለው የታጠፈ ቧንቧ ውስጥ ሽታ የሚያግደው ውሃ ይተንና ሽታ ይመጣል። ቧንቧ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት ትንሽ ውሃ አፍስሱበት።

ተቆጣጣሪ አለ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ውላችሁ ላይ ይሄን አስገቡ፦ "የዚህ ክፍል ክፍያ የሚለቀቀው ወለሉ ሁለቴ በውሃ ከተፈተነ በኋላ ነው፤ አንዴ ሴራሚክ ከመግባቱ በፊት፣ አንዴ ከገባ በኋላ።" ኮንትራክተሩ አልፈርምም ካለ ሌላ ፈልጉ።