ሰባት እልልታ

ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ አያቴ በሩ አጠገብ ቆማ ጣቷን እያጠፈች ስትቆጥር ትዝ ይለኛል። የሰፈሩ ሴቶች እልልታውን ያቀልጡታል፣ እሷ ትቆጥራለች። ለወንድ ሰባት መሙላት አለበት። ለሴት ሦስት ነው። ለእኔም ሦስት ነው የተባለልኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ጓደኛዬ ከለንደን ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው የግጥም መጽሔት ነው። ሞደርን ፖየትሪ ኢን ትራንስሌሽን ይባላል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ቴድ ሂውዝና ዳንኤል ዋይስቦርት በ1965 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። ከየቋንቋው የተተረጎመ ግጥም ያወጣል። ይሄኛው የ2016 እ.ኤ.አ. የጸደይ እትም ነው፣ ትኩረቱ ስደት። «ታላቁ ሽሽት» ብለውታል።

እውነት ለመናገር፣ በርዕስ የተሰባሰበ ግጥም ሲያጋጥመኝ ቅር ይለኛል። ገጣሚው በግጥሙ ሳይሆን በደረሰበት መከራ የተጠራ ይመስለኛል። ሶርያዊ ከሆንክ ስለ ቦምብ፣ ኤርትራዊት ከሆንሽ ስለ ባሕር ጻፊ የተባለ ዓይነት። የርብቃ ስብሃቱን ግጥም የጀመርኩት በዚህ ስሜት ነው።

ርብቃ የአስመራ ልጅ ናት። በደርግ ዘመን፣ ገና በልጅነቷ፣ ታስራለች። ያ እስር ቤት የእኛ መንግሥት እስር ቤት ነበር። ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። በኋላ ኑሮዋን ሮም አደረገች። በትግርኛም በጣልያንኛም ትጽፋለች።

ግጥሟ የጣልያን ደሴት ላምፔዱዛ አጠገብ ስለሰጠመችው የስደተኞች ጀልባ ነው። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ መስቀል ባለፈ በስድስተኛው ቀን። 368 ሰው ሞተ፣ አብዛኛው ኤርትራዊ። ደሴቲቱ ቅርብ ነበረች፣ መብራቷ ይታያል። ሰዎቹ ደረስን ብለው ለማርያም ይዘምራሉ። ከዚያ ውሃው ይገባል። እንዲያዩዋቸው እሳት ይለኩሳሉ፣ እሳቱ ይዛመታል፣ ሰዉ ሲሸሽ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ይህን ሁሉ ከዜና አውቀዋለሁ። ርብቃም አላሸበረቀችውም። እንደ አልቃሽ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ስሙን እየጠራች ታወርደዋለች።

ከዚያ አንዲት ነፍሰ ጡር እዚያው ባሕሩ ውስጥ ትወልዳለች። እትብቱ ሳይቆረጥ እናትም ልጅም ይሞታሉ። እና ርብቃ ምን ትላለች? ሰባቱን እልልታ ላምፔዱዛ ላይ የሰማ የለም።

መጽሔቱን አጠፍኩት። ለረጅም ጊዜ አልከፈትኩትም።

ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው አንድሬ ናፊስ-ሳሄሊ ነው። ሰባት የሚለውን አልነካውም። ለእንግሊዝ አንባቢ ቁጥሩ ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም «ብዙ እልልታ» ብሎ አላለፈውም። በልቤ አመሰገንኩት።

ቅሬታዬም እዚያው ላይ ላላ። ርብቃ ባሕሩን የጻፈችው ታዝዛ አይደለም። አራስ ቤቱን ይዛ ነው የገባችበት። የእናቶቻችንን አራስ ቤት፣ ገንፎውን፣ በር ላይ ቆማ የምትቆጥረዋን አሮጊት። ያንን የትኛውም የመጽሔት ርዕስ ሊያዛት አይችልም።

ማታ ለእማዬ ደወልኩላትና ግጥሙን በአማርኛ እያደረግኩ ነገርኳት። ስለ ጀልባዋ ሳወራ «ወይኔ ልጆቼን» ትላለች። እልልታው ጋ ስደርስ ግን ዝም አለች።

«ስንት ነው ያለችው?» አለችኝ ቆይታ።

«ሰባት።»

«ወንድ ነበር በይኛ።»