የእማዬ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን

እማዬ አሁን ደህና ናት። ዛሬ ገንፎ አማረኝ አለች፤ እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። ስላለፈው ነገር መጻፍ የቻልኩትም ለዚህ ነው።

የሐሞት ጠጠር ነበረባት። በላፓራስኮፒ ተሠራች። ሆዷ አልተቀደደም፤ ካሜራውና መሣሪያው የገቡት በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ቶሎ ቤቷ ገባች። ትከሻዋን ሲያማት ደንግጠን ነበር። ግን እሱ ሆድ የሚነፋበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመጣው ሕመም ነው፣ ይለቃል አሉን። እውነትም ለቀቃት።

ከዚያ ይሻላታል ስንል ባሰባት። እምብርቷ አካባቢ ይወጋታል። አጥሚት እንኳ አይረጋላትም፣ ታስመልሳለች። ወደተሠራችበት ሆስፒታል ይዘናት ስንመለስ መጀመሪያ የጠየቋት «አየር ወጥቶልዎታል?» ብለው ነው። ወጥቷል አለች። «እንግዲያው አንጀትዎ ይሠራል» ተብላ ማስታገሻ ተሰጣትና ተሸኘች። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሴትዮዋ እያስመለሰች፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ አንድ ጥያቄ ሁሉን ዘጋው።

ሌላ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሳች። እምብርቷ ጋ በነበረው ቀዳዳ፣ ከቆዳው ሥር፣ አንጀቷ ሾልኮ ተቀርቅሯል። እሱም ሙሉው አይደለም፤ የግድግዳው አንድ ጎን ብቻ። ዶክተሩ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ሪክተር ሄርኒያ ይባላል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለሱ በጻፈው ጀርመናዊ ሐኪም ስም ነው። አንዱ ጎን ሲያዝ በቀረው በኩል መንገድ አለ። አየር ያልፋል፣ ሰገራም ሊያልፍ ይችላል። የተያዘው ጎን ግን ደም እያጣ ይሞታል፤ ከቆየ ይበሳል። ከውጭ እብጠት ላይታይም ይችላል። እማዬም ቀዳዳው ጋ ያበጠ ነገር አልታየባትም።

ማታውኑ ኦፕራሲዮን ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንጀቷ አልሞተም ነበር። ሲለቀቅ ቀለሙ ተመለሰ፤ ሳይቆረጥ ወደ ቦታው ገባ።

አክስቴም ጠጠር አለባት። እማዬን አይታ ፈርታለች። እኔ ግን አሁንም በላፓራስኮፒ ብትሠራ ነው የምመርጠው፤ እማዬን የገጠማት ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም። የሚያሰጋው በተለይ አሥር ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ ቆዳው ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው ጠንካራ ሽፋንም ይሰፋል ወይ ብለሽ ጠይቂ አልኳት። ቤት ከገባሽ በኋላ ሕመሙ ከትናንት ዛሬ ከባሰ፣ ካስመለሰሽ፣ ካተኮሰሽ፣ አየር ወጣም አልወጣም ደውይልኝ። ሌሊትም ቢሆን።